ቀላል ተጎታች ሲጎተት ኦቨርድራይቭ ይጥፋ ወይስ ይተው?

በብዙ አውቶማቲክ ፒክአፖች ማርሽ መቀየሪያው ላይ፣ በጎን በኩል፣ አንድ ትንሽ ቁልፍ አለ። «ኦ/ዲ» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ኦቨርድራይቭ የሚባለውን ከፍተኛውን ማርሽ የሚያጠፋና የሚያበራ ነው። ሲጫኑት ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚል መብራት ይበራል። መኪናውን ለዓመታት እየነዱ ይህን ቁልፍ አንድም ቀን ያልነኩት ብዙ ናቸው። ባዶ መኪና የሚነዳ ሰው ባይነካውም ችግር የለውም። ጥያቄው የሚመጣው ከኋላ ተጎታች የተቀጠለ ቀን ነው።

ያን ቀን ሁለት ምክር ትሰማላችሁ። አንዱ «ተጎታች ካለ ኦቨርድራይቭ ይጠፋል፣ አለቀ» ይላል። ሌላው «ይቺን ለምታህል ጭነት ምን አስጨነቀህ? ነዳጅህን አታቃጥል» ይላል። ሁለቱም የሚሉት አንዳንዴ ልክ ነው። መቼ ልክ እንደሆነ ግን አይነግሯችሁም።

የኔን መልስ ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። የሚወስነው የተጎታቹ ክብደት ብቻ አይደለም። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ኦቨርድራይቩን ይዞ መቆየት ይችላል ወይስ አይችልም? ጥያቄው ይኼ ነው። ረጋ ብሎ ይዞ ከሄደ ተዉት። አንዴ እየገባ አንዴ እየወጣ ከተቸገረ አጥፉት። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ «ስትጎትቱ አጥፉ» ካለ ግን ክርክር የለም፤ ይጠፋል። መኪናውን የሠሩት ሰዎች የካምቢዮውን አቅም ከማናችንም በላይ ያውቁታል።

ስሙ ያሳስታል

«ኦቨርድራይቭ» ሲባል ተጨማሪ ጉልበት የሚሰጥ ነገር ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ከማርሾች ሁሉ የመጎተት ጉልበቱ ትንሹ እሱ ነው።

ቁጥሮቹ ቀላል ስለሆኑ በባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ እንየው። በአሜሪካ ፒክአፖች ላይ በሰፊው የገባውን የጄኔራል ሞተርስን 4ኤል60ኢ ካምቢዮ ውሰዱ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 3.06 ጊዜ ሲዞር ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሁለተኛው 1.63 ነው። ሦስተኛው አንድ ለአንድ ነው፤ ሞተሩና ዘንጉ እኩል ይዞራሉ። አራተኛው 0.70 ነው። እዚህ ላይ ዘንጉ ሞተሩን ይቀድመዋል። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ይኼው ነው፤ የሚወጣው ዘንግ ከሚገባው የሚፈጥንበት ማርሽ።

እንዴት ሊሆን ቻለ? በካምቢዮው ውስጥ «ፕላኔታሪ» የሚባል የጥርስ ስብስብ አለ። መሃል ላይ አንድ ትንሽ ጥርሰኛ ክብ አለ። ዙሪያውን ጥርሱ ወደ ውስጥ የዞረ ትልቅ ቀለበት ይከበዋል። በሁለቱ መካከል ትንንሽ ክቦች አንድ ማቀፊያ ላይ ተተክለው ይሽከረከራሉ። የመሃሉ 30 ጥርስ፣ ቀለበቱ 70 ጥርስ አለው እንበል። የመሃሉን እንዳይዞር አስረን ማቀፊያውን አንድ ዙር ብናዞር ቀለበቱ 1.43 ዙር ይዞራል። የ0.70 ምስጢር ይኼ ነው።

«አስረን» ያልኩትን ቃል ያዙልኝ። የመሃሉን ጥርስ አስሮ የሚይዘው ወይ በዙሪያው የተጠመጠመ ባንድ ነው፣ ወይ በዘይት ግፊት የሚጨመቁ የፍሪሲዮን ሸራዎች ናቸው። ተጎታች ስንጎትት የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ጥርሱ አይደለም። እነዚህ ሸራዎች ናቸው።

ኦቨርድራይቭ በአውቶማቲክ መኪኖች የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ከኦቨርድራይቭ ጋር አወጡ። ዓላማው ግልጽ ነበር። ረጅም፣ ሜዳ መንገድ ላይ ሞተሩ በዝግታ ይዙር፣ ነዳጅ ይቆጠብ። ኦቨርድራይቭ የተፈጠረው ለመጎተት አልነበረም፤ ለማሳረፍ ነበር።

ሞተሩ የሚጠየቀው ስንት ነው?

አንድ ስሌት ልሥራ። ቁጥር የማትወዱም ታገሱኝ፣ ነገሩን በደንብ ያሳያል።

መኪናችሁ በሰዓት 90 ኪሎሜትር ሲሄድ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ይዞራል እንበል። በኦቨርድራይቭ 0.70 ስለሆነ ያው ፍጥነት 2100 ዙር ይፈልጋል። አሁን ተጎታቹን ይዛችሁ መለስተኛ ዳገት ላይ ናችሁ፤ መንገዱ 50 ኪሎዋት ይጠይቃችኋል። ይህን ጉልበት በ3000 ዙር ለማውጣት ሞተሩ 159 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) መስጠት አለበት። በ2100 ዙር ግን 227 ኒውተን ሜትር ይጠበቅበታል። መንገዱ ያው ነው፣ ፍጥነቱ ያው ነው። በኦቨርድራይቭ ግን ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር 43 በመቶ የበለጠ ይጫናል።

ይችለዋል ወይ? ሞተሩ ይወስነዋል። ሁለት የታወቁ የሃይሉክስ ሞተሮችን እናወዳድር። የ2.7 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር ጫፍ ላይ የሚሰጠው 245 ኒውተን ሜትር ነው፤ እሱም በ4000 ዙር። በ2100 ዙር ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ 227 ስትጠይቁት ያለውን በሙሉ ለማለት ትንሽ ሲቀር ጠየቃችሁት ማለት ነው። ነዳጅ መርገጫው መሬት ሊነካ ይደርሳል። አዲሱ የ2.8 ሊትር ባለ ተርቦ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር 500 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ እሱንም ከ1600 እስከ 2800 ዙር ባለው ክልል ውስጥ። ለእሱ 227 ግማሽ አቅሙም አይደለም።

«እኔ ስጎትት ኦቨርድራይቭ አጥፍቼ አላውቅም፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ስታገኙ መጀመሪያ ሞተሩን ጠይቁት። ናፍጣ በተርቦ ከሆነ እውነቱን ነው። የእሱ እውነት ግን ለቤንዚን መኪና አይሠራም።

የሚገድለው ሙቀት ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሞተሩና አውቶማቲክ ካምቢዮው በብረት አልተያያዙም። በመካከላቸው ቶርክ ኮንቨርተር አለ። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አስቡ። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ የሚገፋው ነፋስ ሌላውን ያዞረዋል። እዚህ በነፋስ ፈንታ ዘይት ነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይህ ዘዴ የሞተሩን ቶርክ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ሁለቱ ክፍሎች መቼም እኩል አይዞሩም። ሁልጊዜ ትንሽ መንሸራተት አለ። በመንሸራተቱ የጠፋው ጉልበት ደግሞ የትም አይሄድም። ዘይቱን ያሞቀዋል።

50 ኪሎዋት እያለፈ ኮንቨርተሩ 10 በመቶ ቢንሸራተት 5 ኪሎዋት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ይህ ማለት አምስት ባለ 1000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ካምቢዮው ውስጥ ለኩሶ እንደመሄድ ነው።

መሐንዲሶቹ ለዚህ መፍትሔ አበጅተዋል። መኪናው ፍጥነት ይዞ ሲረጋጋ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ ፍሪሲዮን ሁለቱን ክፍሎች ይቆልፋቸዋል። መንሸራተት ይቆማል፣ ሙቀቱም አብሮ ይወርዳል። ኮንቨርተሩ ተቆልፎ እስከቆየ ድረስ ኦቨርድራይቭ ሰላማዊ ማርሽ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ጉልበት ሲያንስ ነው። ትንሽ ዳገት መጣ። ነዳጅ ትጨምራላችሁ። ኮምፒውተሩ ጭነቱን አይቶ ኮንቨርተሩን ይከፍተዋል፤ ዙሩ ጥቂት መቶ ከፍ ይላል። አልበቃም። ወደ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ዙሩ ይዘላል። መኪናው ፍጥነት ያገኛል፤ እናንተ እግራችሁን ታላላላችሁ። ካምቢዮው «እፎይ፣ ቀለለ» ብሎ ወደ አራተኛ ይመለሳል፣ ኮንቨርተሩን ይቆልፋል። ጉልበት እንደገና ያንሳል። ይከፍታል። ይወርዳል። ይመለሳል። በአንድ ረጅም ዳገት ላይ ይህ ደርዘን ጊዜ ሊደጋገም ይችላል።

እያንዳንዷ ቅያሪ ሸራዎቹን ለቅጽበት ታፋትጋለች። እያንዳንዷ መከፈት ዘይቱን ታሞቃለች። አንዷ ብቻዋን ምንም አይደለችም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሆን ነው ጉዳቱ።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ተጎታች የጎተትኩ ቀን ይህን ድምፅ ስሰማው ዋልኩ። ሞተሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ጭነቱ ከባድ አልነበረም። «አውቶማቲክ ነው፣ የሚያደርገውን ያውቃል» ብዬ ተውኩት። ስደርስና ስወርድ ከመኪናው ሆድ የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። ካምቢዮው ያን ቀን አልሞተም። ግን ዘይቱን ሳስፈትሽ ቀይነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኖ ነበር። አንድ ቁልፍ ተጭኜ ላስቀረው የምችለው ነገር ነበር። ያ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል።

የካምቢዮ ዘይት በጤናማ ጉዞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሠራል። በመካኒኮች ዘንድ የቆየ አንድ ግምት አለ፦ ከ80 ዲግሪ በላይ በየ11 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ግምት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ጥሩ ሲንተቲክ ዘይት የበለጠ ይታገሳል። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። በዚህ ግምት 113 ዲግሪ ላይ ያለ ዘይት ከመደበኛ ዕድሜው የሚቀረው አንድ ስምንተኛ ነው። 120 አካባቢ ዘይቱ በብረቱ ላይ እንደ ቫርኒሽ መለጠፍ ይጀምራል። ወደ 150 ሲጠጋ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ሸራዎቹ ይቃጠላሉ።

ኦቨርድራይቩን ስታጠፉ ይህ ሁሉ መወዛወዝ ይቆማል። ካምቢዮው ከሦስተኛ በላይ መውጣት አይችልም። ሞተሩ 3000 ዙር ላይ ምቹ ጉልበት ይኖረዋል። በብዙ መኪኖች ኮንቨርተሩ በሦስተኛም ይቆለፋል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ካምቢዮው ግን ያርፋል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ያን ጩኸት ነው። «ሞተሩን ልጨርሰው ነው» ይላል። 3000 ዙር ለጤነኛ ሞተር ምንም አይደለም። በዝቅተኛ ዙር እየተንቀጠቀጠ ሙሉ ነዳጅ ከሚሰጠው ይልቅ በዚህ ዙር ቀለል ብሎት ይሠራል። ካምቢዮ ደግሞ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም። የማይጮኸው ነው የሚያስፈራኝ።

«ቀላል» የሚባለው ምን ያህል ነው?

በአውሮፓ ሕግ እስከ 750 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች፣ ጭነቱን ጨምሮ፣ ዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ይገባል፤ የራሱ ፍሬን እንዲኖረውም አይገደድም። ብዙ ሰው «ቀላል ተጎታች» ሲል በአእምሮው ያለው ይህን የሚያህል ነው።

ክብደቱ ሜዳ ላይ ብዙም አይሰማም። ዳገት ላይ ግን ሒሳቡን ይጠይቃል። ፒክአፑ ከነሰዎቹ 2000 ኪሎ፣ ተጎታቹ 700 ኪሎ ይሁን። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በ80 ኪሎሜትር ፍጥነት ለመውጣት፣ ነፋሱንና ጎማውን ትተን፣ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 35 ኪሎዋት ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ የተጎታቹ ድርሻ 9 ኪሎዋት ነው፤ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ትንሽ ይመስላል። ግን ባዶውን መኪና ዳገቱን በኦቨርድራይቭ በጭንቅ ሲያወጣው ለነበረ ሞተር እነዚያ 12 ፈረሶች ሚዛኑን የሚደፉት ናቸው።

ከክብደቱ ይልቅ ሰው የሚረሳው ነፋሱን ነው። ዝቅ ያለ ክፍት ተጎታች ከፒክአፑ ጀርባ ይደበቃል። ቁመቱ ከጋቢናው በላይ የሆነ ሳጥን ተጎታች ግን ባዶ ሆኖም እንደ ግድግዳ ነፋሱን ይገጥማል። የነፋስ ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ ያድጋል፤ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በኪዩብ። ከ80 ወደ 100 ኪሎሜትር ስትወጡ ለነፋስ የምትከፍሉት ጉልበት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በተቃራኒው ከ100 ወደ 85 ብትወርዱ 39 በመቶ ይቀንስላችኋል።

ይህን የምለው ለምክንያት ነው። ሜዳ ላይ በ100 ሲወዛወዝ የነበረ ካምቢዮ በ85 ኦቨርድራይቩን ይዞ በሰላም ሊሄድ ይችላል። ከቁልፉ በፊት እግራችሁን ትንሽ ማላላት ይሞከር። የፊት ለፊት ነፋስ በበረታበት ቀን ደግሞ ሜዳውም እንደ ዳገት ይቆጠር፤ አጥፉት።

እንዴት ይታወቃል?

ዓይናችሁን ዙር ቆጣሪው ላይ ጣል አድርጉ። ኦቨርድራይቭ ገብቶ፣ ፍጥነቱ ረግቶ፣ ኮንቨርተሩም ሲቆለፍ ዙሩ በጥቂት መቶ ዝቅ ብሎ ይቆማል። አንድ ተጨማሪ ማርሽ የገባ ይመስላል። ከዚያ ነዳጁን በጣም በቀስታ ጨመር አድርጉ። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ቀስ ብለው ከወጡ ተቆልፏል። ዙሩ ብቻውን ዘሎ ፍጥነቱ ከቆመ ኮንቨርተሩ ተከፍቶ እየተንሸራተተ ነው።

ተቆልፎ ለደቂቃዎች ከቆየ ደስ ይበላችሁ፤ ነዳጅ እየቆጠባችሁ ነው። በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ካለ ምክንያት ከአንድ ጊዜ በላይ ከወጣና ከገባ ቁልፉን ተጫኑ። ረጅም ሜዳ ሲመጣ መልሳችሁ አብሩት። ቀኑን ሙሉ አንድ ውሳኔ ይዛችሁ መዋል የለባችሁም፤ ቁልፉ እየተነዳ የሚነካ ነው።

ስለ ነዳጅም የሚነሳ ነገር አለ። ሜዳ ላይ ኦቨርድራይቭ ነዳጅ መቆጠቡ እውነት ነው። ሲወዛወዝ ግን ቁጠባው የለም፤ በኮንቨርተሩ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሰው ሊቆጥበው የሚፈልገው ነዳጅና ካምቢዮ የማስጠገን ወጪ የሚወዳደሩም አይደሉም።

ዳገትና ቁልቁለት

ዳገት ከፊታችሁ ከታየ ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት ቁልፉን ተጫኑት። ካምቢዮው ተጨናንቆ ራሱ እስኪወርድ ከጠበቃችሁ ፍጥነቱን አጥታችኋል፣ መልሶ ለማግኘትም ሙሉ ነዳጅ ትረግጣላችሁ። ቀድማችሁ ካወረዳችሁት ግን ሞተሩ ተዘጋጅቶ ይገባል።

ቁልቁለት ላይ ቁልፉ ከዳገቱም በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ቅድም ስትወጡ የከፈላችሁት 35 ኪሎዋት ስትወርዱ ይመለስላችኋል። የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይበሉታል፤ ቀሪውን አንድ ነገር ማቆም አለበት። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው ያ ነገር የፒክአፑ ፍሬንና የሞተሩ መያዝ ብቻ ነው። ፍሬን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል ይደክማል።

ኦቨርድራይቭ እንደበራ ቁልቁለት መውረድ ማለት ሞተሩ ጎማውን የሚይዝበትን አቅም ማሳነስ ነው። አጥፍታችሁ ወደ ሦስተኛ ስትወርዱ፣ የሞተሩ መያዝ ያው ቢሆን እንኳ፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው 43 በመቶ ይጨምራል። ዙሩም ስለሚወጣ ሞተሩ ራሱ የበለጠ ይይዛል። ቁልቁለቱ በጣም የከበደ ከሆነ ሦስተኛም አይበቃም፤ ወደ ሁለተኛ አውርዱ። ፍሬኑን እየረገጡ መልቀቅ፣ እየረገጡ መልቀቅ፤ እግርን ሳያነሱ ተጭኖ መውረድ አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መንገዱ እርጥብ ወይም ጠጠር ከሆነና ኩርባ ውስጥ ከሆናችሁ ቁልፉን በድንገት አትጫኑ። የኋላ ጎማዎች በድንገት ይያዛሉ፤ ተጎታቹ ከኋላ እየገፋ መኪናውን ሊያጣምመው ይችላል። ከኩርባው በፊት፣ ቀጥታው ላይ፣ ተጭናችሁ ግቡ። ፍጥነታችሁንም እዩ። በ90 ከ2100 ወደ 3000 የዘለለው ዙር በ120 ከ2800 ወደ 4000 ነው የሚዘለው።

ማንዋል መኪና የያዛችሁ

ለእናንተ ቁልፍ የለም፤ አምስተኛ ማርሽ ነው ኦቨርድራይቩ። በተለመደው የኋላ ጎማ መኪና አራተኛው አንድ ለአንድ ነው። በአራተኛ ጉልበቱ ከመግቢያው ዘንግ ወደ መውጫው ዘንግ በቀጥታ ያልፋል፤ የጎን ዘንጉ ጥርሶች ላይ ጭነት የለም። በአምስተኛ ግን ጭነቱ ሁሉ በጎን ዘንጉ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ስትጎትቱ አራተኛው ለጥርሱም ለኩሺኔታውም ይሻላል።

ማንዋል ላይ ያ ሁሉ የዘይት ሙቀት ጣጣ የለም፤ ኮንቨርተር የለውም። ሌላ ስህተት ግን አለ። ዳገት ላይ በአምስተኛ 1500 ዙር ላይ ሆኖ ነዳጅ መርገጥ። መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ያቃስታል። ያን ስትሰሙ ቶሎ ማርሽ አውርዱ።

ቁልፉ የሌላቸው አዳዲሶቹ

ዛሬ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 10 ማርሽ ፒክአፕ ሞልቷል። እነዚህ አንድ ኦቨርድራይቭ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት አላቸው። የፎርድ ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ ሰባተኛው አንድ ለአንድ ነው፤ ስምንተኛው 0.85፣ ዘጠነኛው 0.69፣ አሥረኛው 0.64። ማርሾቹ ስለተቀራረቡ አንድ ደረጃ መውረድ እንደ ድሮው 900 ዙር አያዘልልም። ስለዚህ ቅያሪው ራሱ ቀለል ያለ ነው። «ኦቨርድራይቭ ይጥፋ» የሚለው የድሮ ምክር በእነዚህ ላይ በቀጥታ አይሠራም።

በብዙዎቹ ላይ በቁልፉ ምትክ «ቶው/ሆል» የሚባል የመጎተቻ ሞድ አለ። ይህን መጠቀም አለባችሁ። ማርሽ ለመጨመር አይቸኩልም፤ አንዴ የያዘውን ይዞ ይቆያል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትነኩ በብዙ መኪኖች ራሱ ማርሽ ያወርዳል። ኦቨርድራይቭን ሙሉ በሙሉ ላይከለክል ይችላል፤ አይግረማችሁ። ጭነቱን አይቶ ሲመች ይገባበታል። ሞዱ በርቶም ከተወዛወዘ በማንዋል ምርጫው ከፍተኛውን ማርሽ ገድቡለት።

ስለ መብራቱም ብዙ ሰው ይደናገራል። «ኦ/ዲ ኦፍ» በርቶ ከታየ ኦቨርድራይቩ ጠፍቷል ማለት ነው። መብራቱ ከሌለ በርቷል። አንዳንድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ኦቨርድራይቩን መልሶ ያበራዋል፤ ነዳጅ ቀድታችሁ ስትነሱ ቁልፉን እንደገና መጫን ሊኖርባችሁ ነው። ሌላው ደግሞ እንደተዋችሁት ይቆያል፤ ተጎታቹን ከፈታችሁ በኋላ ሳታውቁት ለሳምንታት ኦቨርድራይቭ አልባ ትነዳላችሁ። መብራቱ ቋሚ ሳይሆን ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን በብዙ መኪኖች የካምቢዮ ችግር ምልክት ነው። ያኔ መጎተቱን ትታችሁ ወደ መካኒክ ሂዱ።

ከጉዞ በፊትና በኋላ

ደጋግማችሁ የምትጎትቱ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ላይ አውሉት። ከራዲያተሩ ፊት የሚገጠም ትንሽ ፍርግርግ ነው። መኪናው የዘይት ሙቀት ማሳያ ካለው መመልከትን ልማድ አድርጉት። የሞተሩ ውሃ ሙቀት ማሳያ ስለ ካምቢዮው በቂ አይነግራችሁም፤ ውሃው መካከል ላይ ቆሞ የካምቢዮው ዘይት ሊቃጠል ይችላል።

የሙቀት ማስጠንቀቂያ መንገድ ላይ ከበራ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት። ማርሹን «ፒ» ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ በዝግታ ይሥራ። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ የጋለው ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ሳይሄድ ካምቢዮው ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ደቂቃ ታገሱ። መብራቱ ሲጠፋ ኦቨርድራይቩን አጥፍታችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ ቀጥሉ።

ስትመለሱ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ አውጥታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት። ጤነኛ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀላ ያለና የሚያሳልፍ ነው። ቡናማ ሆኖ የማቃጠል ሽታ ካለው ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ይቀየር። ጠቁሮ ጥቃቅን ብጣሽ ወረቀቱ ላይ ከቀረ ሸራው መበላት ጀምሯል፤ ከመቀየራችሁ በፊት የአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያውቅ መካኒክ ይየው።